ከፋብሪካ ቆሻሻ የሞገድ ጋሻ ይሠራል ወይ? የጠየቅኩትና የተመለሰልኝ

ክሩን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የተካሄደውን የጥያቄና መልስ ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገር። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ አለኝ። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ብረታ ብረት ቤት ነው፤ በርና መስኮት ይበይዳል። እሱ ኤሌክትሮዱን ላሜራው ላይ ባስነካ ቁጥር ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሬዲዮ ይንጫጫል፣ የኦሲሎስኮፑ (የኤሌክትሪክን መዋዠቅ በመስመር የሚያሳየው መሣሪያ) መስመር ይደናበራል። ይህን ለምጄዋለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ የአንድ ትንሽ ክሊኒክ የልብ ምርመራ ማሽን ነው። ሦስት ጊዜ አመጡልኝ፤ ጎረቤቴ ሥራ ሲያቆም ጠብቄ ስሞክረው ደህና ይሠራል፣ ክሊኒኩ ሲመለስ ግን ወረቀቱ ላይ የሚያወጣው መስመር ጠጉራም ይሆናል። የክሊኒኩ ባለቤትም ሕንፃው ጀርባ ብየዳ ቤት እንዳለ ነገረኝ። ነገሩ ያው የኔው ችግር፣ ከብየዳው በአየር የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ጥያቄዬን ለጠፍኩ። በሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች የድንጋይ ከሰል አመድን፣ የአሉሚናን (አሉሚኒየም የሚሠራበትን ዱቄት) ቀይ ጭቃና የብረት ፋብሪካ ቅሪትን ተጠቅመው ቀለል ያለ፣ ሞገድ የሚያግድ ሰሌዳ እየሠሩ እንደሆነ አንብቤ ነበር። ክፍሉን በሙሉ በላሜራ ማልበስ ለትንሽ ክሊኒክ የማይሞከር ወጪ ነው። በኛ በኩል ደግሞ ከጫጫ ጀምሮ እስከ ደብረ ብርሃን ፋብሪካው በዝቷል፤ ፋብሪካ ባለበት የሚጣል ነገር አይጠፋም። የትኛው ቆሻሻ ይሆናል፣ እንዴትስ ይሠራል? ያወቀ ይንገረኝ አልኩ። ሃያ ሦስት መልስ መጣ።

1ኛው ከአንኮበር ነው፤ ጥሩ ሐሳብ መሆኑን ገልጾ አመሰገነ፣ በርታም አለኝ። ደስ አለኝ፤ ግን የያዘው ነገር ያው ነው።

2ኛውን የጻፉት መሐል ሜዳ ላይ ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከዚያ ወዲያ ክሩ ላይ ሁሉም ጋሼ እያለ ጠራቸው፤ እኔም እንደዚያው። ጋሼ እንዳስረዱት፣ ሞገድ ጋሻ ላይ ሲደርስ ወይ ተመትቶ ይመለሳል፣ ወይ ውስጥ ገብቶ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይቀራል፣ የተረፈው ያልፋል። እንደ መዳብና አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያስተላልፍ ነገር በአብዛኛው ይመልሳል። የማግኔት ጠባይ ያለው ወይም በመጠኑ ብቻ የሚያስተላልፍ ደግሞ ይውጣል። የጋሻው አቅም በዴሲቤል ነው የሚለካው፤ 10 ዴሲቤል ሲባል ከመጣው ኃይል አንድ አሥረኛው ብቻ አለፈ ማለት ነው፣ 20 ሲሆን አንድ መቶኛው፣ 30 ሲሆን አንድ ሺኛው። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1836 በብረት ቅጠል በለበጠው ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ ከውጭ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እያዘነበ፣ ውስጥ ምንም እንዳልገባ ማሳየቱንም አነሱ።

ከዚያ የቤት ሥራ ሰጡኝ። ሬዲዮዬን መካከለኛ ሞገድ ላይ ከፍቼ መጀመሪያ ሸክላ ድስት ውስጥ፣ ቀጥሎ አሉሚኒየም ድስት ውስጥ ክዳን ገጥሜ እንዳስቀምጠው። አደረግኩት። ሸክላው ውስጥ ድምፁ ታፈነ እንጂ ጣቢያው አልጠፋም። አሉሚኒየሙ ላይ ክዳኑ ሲገጥም ጣቢያው ጠፍቶ ሹክሹክታ ብቻ ቀረ። ሬዲዮውን አውጥቼ ስልኬን ከተትኩና በባለቤቴ ስልክ ደወልኩ። ያው ድስት፣ ያው ክዳን፣ ስልኩ ጠራ። ክዳኑን በፎይል ዙሪያውን ጠቅልዬ አጥብቄ ስደግመው ዝም አለ። ይህን ስለጥፍ ጋሼ ወዲያው መለሱ፦ የክዳኑ ስንጥቅ ወረቀት ባያስገባም ርዝመቱ የድስቱን ዙሪያ ያህል ነው፤ የስልክ ሞገድ ርዝመት በሴንቲሜትር የሚቆጠር ስለሆነ በዚያ ረጅም ስንጥቅ ያልፋል፣ በመቶ ሜትሮች የሚቆጠረው የመካከለኛ ሞገድ ግን አያልፍም። ስለ ሰሌዳው ብቻ አስብ የነበርኩት ሰው ስለ መገጣጠሚያው ማሰብ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

4ኛው ለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ አካባቢ እንደሚሠራ የተናገረ ሰው ነው፤ እሱ አልሸነገለኝም። እኔ የጠራሁት አመድ በአገራችን ገበያ ላይ የሌለ ነገር መሆኑን አፍርጦ ጻፈው። ያ ደቃቅ አመድ የሚገኘው ዱቄት ድንጋይ ከሰል ከሚያቃጥል የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጭስ ማውጫ ላይ ነው፤ የኛ መብራት በአብዛኛው ከውኃ ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካ ከሰል ያቃጥላል፣ አመዱ ግን እዚያው ምድጃው ውስጥ ከክሊንከሩ (ተፈጭቶ ሲሚንቶ ከሚሆነው ጓል) ጋር ይዋሐዳል እንጂ ተለይቶ አይወጣም። ፒፒሲ የምንለው ሲሚንቶ ውስጥ በኛ አገር የሚጨመረውም አመድ ሳይሆን ፐሚስ የሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ለሚ ሄዶ አመድ መጠየቅ ባዶ ማዳበሪያ ይዞ መመለስ እንደሆነ አስጠነቀቀ። አነጋገሩ ጎርበጥ ቢለኝም እውነቱን ነው፤ የአንድ ቀን መንገድ አትርፎልኛል።

5ኛው እጁን ለመስጠት አልፈለገም። እሱ የሚያውቀው ፋብሪካ ቦይለሩን በድንጋይ ከሰል ያነዳል፤ አመዱ ግቢ ውስጥ ተከምሯል። ደቃቅ አመድ ውስጥ ስለሚገኙ፣ ውስጣቸው ባዶ ስለሆኑ ጥቃቅን ኳሶችም አንብቧል፤ አመድ ውኃ ውስጥ ሲገባ ከላይ የሚንሳፈፉት ናቸው፣ ከውኃ ስለሚቀሉ። ውጭ አገር እነሱን በኒኬል ወይም በመዳብ እየለበጡ ነው ቀላል ጋሻ የሚያደርጓቸው። አንድ ባልዲ አመድ ውኃ ላይ ዘርግፎ በማግሥቱ ውጤቱን ለጠፈ፦ ላዩ ላይ ጥቁር ነገር ተንሳፍፏል፣ ኳሶቹ ተገኝተዋል ብሎ ተደሰተ። 6ኛው መላሽ፣ የማቴሪያል ምህንድስና ተማሪ፣ የተንሳፈፈውን በጣቱ እንዲያሸው ጠየቀው። ጣቱ ጠቆረ። ያልተቃጠለ ከሰል ነው። ኳሶቹ የሚፈጠሩት ዱቄት ከሰል በኃይለኛ ነበልባል ውስጥ እየበረረ ሲቀልጥ ነው፤ በፍርግርግ ላይ የሚነድ ከሰል ጓል ያወጣል እንጂ ኳስ አያወጣም። ተማሪው ይህን በትሕትና ነው የነገረው፣ ባለባልዲውም በጸጋ ተቀበለ።

ስለ ቀይ ጭቃ የተነሳው አጭር ነበር። 7ኛዋ፣ ሕንድ አገር ከቀይ ጭቃ እርሳስ የሌለበት የኤክስሬይ ክፍል ንጣፍ መሠራቱን ጠቅሳ፣ ያንን ለምን አናደርግም አለች። 8ኛው በቁጣ መለሰላት። ቀይ ጭቃ አሉሚና ባክሳይት ከሚባለው ማዕድን ሲለይ የሚቀር ነው፤ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ማጣሪያ የለም። ደግሞም ኤክስሬይን የሚያግደው የአተሞች ክብደት ነው፣ የሬዲዮ ሞገድን የሚያግደው የኤሌክትሪክና የማግኔት ጠባይ፤ ሁለቱን ማምታታት ሰው ያስጎዳል። ያለው ልክ ነው። ቀይ ጭቃ እጅግ አልካላይ መሆኑንና እ.ኤ.አ. በ2010 ሃንጋሪ፣ አይካ ላይ ግድቡ ተደርምሶ 10 ሰው መግደሉን መጨመሩም ጥሩ ነው። ግን እህታችንን ሳታነብ የምትለጥፍ ማለቱ አያስፈልግም ነበር፤ አንብባለች፣ ያነበበችውም እውነት ነው፣ ቦታው ብቻ ሌላ ነው።

ከ9 እስከ 12 ክሩ ከመንገዱ ወጣ። አንዲት እናት ከደብረ ሲና ጻፉ፤ ቤታቸው አጠገብ የስልክ ማማ ተተክሏል፣ ልጃቸው ራስ ምታት ያማታል፣ ሰሌዳው ካለቀ ለሳቸውም እንድሠራላቸው ለመኑኝ። አንዱ ማማ ሁሉ ካንሰር ነው ብሎ አስፈራራቸው። ሌላው ደግሞ ኋላ ቀር ብሎ ሰደባቸው። እውነት ለመናገር ያን ምሽት ክሩን ልዘጋው ነበር። ጋሼ ገቡና ረጋ አድርገው፣ አንቱ እያሉ መለሱላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል በሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ያ ምድብ ማስረጃው ውሱን ነው ማለት እንጂ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። የልጅቱ ራስ ምታት ሐኪም ያሻዋል፤ ግድግዳ በመለሰን የሚድን ሕመም ብለው ጊዜ እንዳያጠፉ አሳሰቧቸው። እናትየዋ ምርቃት ጽፈው ወጡ። 12ኛው ስለ ጣርማ በር ጉምና ስለ ኔትወርክ መጥፋት ነው፤ ቆርቆሮ በቆርቆሮ በሆነ ቤት ውስጥ ስልክ ለማናገር ደጅ መውጣት እንዳለ ሁላችንም የምናውቀውን ተናገረ፣ እሱም ቢሆን ያው ጋሻ ነው።

ወደ ቁም ነገሩ የመለሰን 13ኛው ነው። ሸዋ ሮቢት ተወልዶ ፌሮ የሚያወጣ ፋብሪካ ውስጥ ስምንት ዓመት የሠራ ሰው ነው። ቀይ የጋለ ብረት ሮለር ውስጥ ሲያልፍ ከላዩ እየተላጠ የሚወድቅ ቅርፊት አለ፤ እነሱ ስኬል ይሉታል። ሲበርድ ጥቁር ግራጫ፣ ስስ፣ በጣት ሲሰበር ቀጭ የሚል ነው። አብዛኛው የብረት ኦክሳይድ ነው፣ ውስጡ ማግኔታይት ስላለ ማግኔት ሲያስጠጉበት ዘሎ ይለጠፋል። በአካፋ እየተዛቀ ጥግ ይከመራል፤ የሚወስደው ሲገኝ ይሸጣል፣ ሳይገኝ ይቀመጣል። ይህ ሰው የጻፈውን ሳነብ ነው የምር የተነሳሳሁት። አመድ የለንም፣ ቀይ ጭቃ የለንም፤ ይህ ግን አለን።

14ኛው፣ ያው ተማሪ፣ ደስታዬን ቀዝቀዝ አደረገው። ስኬል ብቻውን ሞገድ በመጠኑ ይውጣል እንጂ አይመልስም፤ የሚያስተላልፍ ነገር ማገዝ አለበት፣ ርካሹም ከአሮጌ ጎማ የሚገኝ ጥላሸት ነው። ጥላሸቱ ደግሞ ጥቂት ጥቂት ሲጨመር ምንም አይለውጥም። ቅንጣቶቹ ተራርቀው ሳሉ ኤሌክትሪክ አይሻገርም፤ መጠኑ ጨምሮ አንዱ ከአንዱ የሚነካካበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን ድንገት መንገድ ይከፈታል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሰው ሳሳ ሲል ከዳር እስከ ዳር እቃ እየተቀባበሉ ማሻገር አይቻልም፣ ትከሻ ለትከሻ ሲሆን ግን ይቻላል፤ የሰጠው ምሳሌ ይህ ነው፣ እኔም ገባኝ። ሌላም ነገር አከለ፦ ጥናቶቹ ላይ የምናያቸው የዴሲቤል ቁጥሮች ብዙዎቹ ከ8.2 እስከ 12.4 ጊጋኸርዝ ባለው ክልል የተለኩ ናቸው። የብየዳ ረብሻ እዚያ አይደለም። አንድ ሰሌዳ እዚያ ላይ 30 ዴሲቤል አገደ ማለት የኔን ሬዲዮ ያሳርፋል ማለት አይደለም።

15ኛው ጎማ ደጅ ላይ አቃጥሎ ጥላሸት መሰብሰብ እንደሚቻል ጠቆመ። እዚህ ላይ እኔም ዝም አላልኩም፣ ሌሎችም አላለፉትም። ጥላሸቱ የሚገኘው ጎማው አየር በማይገባበት ዝግ ምድጃ ውስጥ ሲጋል ነው፤ ደጅ ላይ የሚነድ ጎማ ሰፈሩን በመርዝ ጭስ ይሞላል፣ ጥላሸቱም በነፋስ ይሄዳል። ከዚያ ይልቅ ለበረባሶ ሰፊ መስጠት ይሻላል።

ከሁሉም ያስተካከለችኝ 16ኛዋ ናት። የሕክምና መሣሪያ ቴክኒሻን ናት፤ ቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጣችው። ወንድሜ ብላ ጀመረች እንጂ ቀጥሎ ያለው ስለታም ነበር። ረብሻው ምን እንደሆነ ሳልለይ መድኃኒት ፍለጋ መውጣቴን፣ ማሽኑን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ወረቀቱን አንድ ጊዜ እንኳ በቅጡ አለማየቴን ነገረችኝ። ከዚያ የምሠራውን ዘረዘረች። ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊሜትር ነው የሚሄደው፤ አንዱ ትልቅ ሳጥን 5 ሚሊሜትር፣ ማለትም 0.2 ሰከንድ ነው። በአንድ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ያሉትን ጥርሶች፣ መስመሩን ጠጉራም ያስመሰሉትን ሹል ጫፎች፣ ቁጠር። አሥር ከሆኑ ረብሻው በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፣ እሱም የመብራቱ መስመር ራሱ ነው እንጂ የብየዳ ቤቱ ሞገድ አይደለም።

ክሊኒኩ ሄድኩ። ያስቀመጡትን ወረቀት መስኮት ጋ ወስጄ በማጉያ መነጽር ቆጠርኩ። አሥር። ቀጣዩን ሳጥን ቆጠርኩ፣ አሥር። ማሽኑን ከሶኬት ነቅዬ በባትሪ አስነሳሁት፤ ነርሷ ራሷ ተኛችልኝ፤ መስመሩ ቀጥኖ፣ ጠርቶ፣ እያንዳንዱ ምት እየለየ ወጣ። ሶኬቱን ስፈታው የግራውንዱ ሽቦ፣ ወደ መሬት መውረድ የነበረበት፣ የትም አልታሰረም፤ ጫፉ ተቆርጦ ግድግዳው ውስጥ ታጥፎ ቀርቷል። ደጅ ጉድጓድ ቆፍረን፣ የመዳብ ዘንግ ቀብረን፣ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞልተን ውኃ አጠጣንና አሰርነው። የበጋ መሬት ስለሚደርቅ በየጊዜው እንዲያጠጡት ነገርኳቸው። ማሽኑ ሶኬት ላይ ሆኖ ጥርት ያለ መስመር ካወጣ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። የፈለግኩትን ሰሌዳ ሠርቼ ግድግዳውን ሙሉ ብለብሰው ኖሮ ጠጉሩ እዚያው ነበር፤ ገንዘቡም የክሊኒኩ ነው፣ ሕመምተኞቹም አሉ። ይህን ሳስበው እስካሁን ይከብደኛል። እህቴን ክሩ ላይ በግልጽ አመሰገንኳት።

17ኛው ይህን አይቶ እንግዲያውስ ክሩ ሁሉ ከንቱ ነበር አለ፤ 18ኛው ደገፈው። ጋሼ በ19ኛው አልተስማሙም፣ እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። የክሊኒኩ ችግር በገመድ የመጣ ነው እንጂ በአየር የሚመጣም አለ፤ የኢንቨርተሩ፣ የርካሽ ቻርጀሩ፣ የኤልኢዲ አምፖሉ ጫጫታ ሬዲዮ ላይ የሚሰማው ያ ነው። ለዚያ ጋሻ ይሠራል፣ ጋሻው ደግሞ መቅለል አለበት። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ይመዝናል፣ አሉሚኒየም 2.7፤ በጭቃ ግድግዳና በቀጭን እንጨት ላይ የመጀመሪያውን ማን ይሰቅላል? ተማሪው ጨመረበት፦ ስኬል በሲሚንቶ ብቻ ቢቦካ ይከብዳል፣ ማቅለያው አረፋ ነው። ሲሚንቶው ሲቦካ የአሉሚኒየም ዱቄት ትንሽ ከገባበት ጋዝ ይፈጥርና ሊጡ እንደ ዳቦ ይነፋል። ቀዳዳዎቹ ክብደት ከመቀነሳቸው በላይ ሞገዱ ውስጥ ለውስጥ እየተጋጨ እንዲደክም ያግዛሉ።

20ኛው የቆዳ ፋብሪካ ፍቅፋቂ ተቃጥሎ ካርቦን እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ 21ኛው ክሮም ያለበት ቆዳ ሲቃጠል ክሮሙ ወደ መርዛማው ዓይነት ሊለወጥ እንደሚችል ነግሮ ዘጋበት። 22ኛዋ የመንዝ ልጅ ናት፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የሱፍ ብናኝ ከሰሌዳው ጋር ቢቦካ እንዳይሰነጠቅ ይይዘው ይሆን ብላ ጠየቀች። ከዚያ ስለ ባናና ስለ በርኖስ አሠራር፣ ስለ አያቷ እንዝርት ረዘም አድርጋ ጻፈች፤ ከጉዳዩ የራቀ ቢሆንም ማንም አላቋረጣትም፣ እኔም በጉጉት ነው ያነበብኩት።

የሸዋ ሮቢቱ ሰው አንድ ማዳበሪያ ስኬል በአውቶብስ ላከልኝ። ጎረቤቴ በያጁ ወፍጮ ፈልጎ አስፈጨልኝ። ከስኬሉ፣ ከሲሚንቶ፣ ከገዛሁት የጎማ ጥላሸትና ከትንሽ የአሉሚኒየም ዱቄት አራት ሰሌዳ አፈሰስኩ፤ አንዱ ላይ የመንዟን ልጅ ሱፍ ጨመርኩበት። ሊጡ ሙቅ ዳቦ መስሎ ሲነሳ አይቼ ደጅ በረንዳ ላይ ትቼው ተኛሁ። በኅዳር ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ እንዳለ የማላውቅ አይደለሁም፤ ግን ሲሚንቶው በአንድ ሌሊት ይጠናል ብዬ ተዘናጋሁ። ጠዋት ሳየው ውስጡ ያለው ውኃ በርዶ ሦስቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቀዋል። ሱፍ ያለበት ላዩ ላይ ተላጠ እንጂ አልተከፈለም።

ፎቶውን ስለጥፍ 23ኛው መልስ ከሸዋ ሮቢት መጣ። እዚያ ቆላ ነው፣ ውርጭ የለም፤ እቤቱ ጀርባ ጥላ ያለው ቦታ አለ፣ ፎርሙን ከሠራሁ ሊጡን እሱ ሊያፈስልኝ፣ ሳምንት ሙሉ ጆንያ አልብሶ ውኃ ሊያጠጣልኝ ፈቃደኛ ነው። የሱፍ ብናኝ ከደብረ ብርሃን ይዤለት እንድወርድ ብቻ ነው የጠየቀኝ። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶብስ እሄዳለሁ። የተረፈችውን ሰሌዳ ይዣት እወርዳለሁ፣ ሬዲዮዬንም።